የነጩ እንግዳ ድግስ

ተረት ልንገራችሁ። «ንገሪን» በሉኝና ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩንም አንዳችሁ ዝጉት።

ዱሮ ነው። ድንጋይም ሳንቃም እንደ ሰው በሚያወራበት፣ ሰውም ሥራ ካልበዛበት ቆም ብሎ በሚሰማበት ዘመን፣ አንዲት ትንሽ ልጅ እናቷን እንዲህ ብላ ጠየቀቻት፦

«እማ፣ ውርጭ ምን ይበላል?»

ልጅቱ ስንዱ ትባላለች፤ አምስት ዓመቷ ነበር። እናቷ እማዋይሽ ትባላለች። ቤታቸው ገደል አፋፍ ላይ፣ ከገብስ በቀር እህል በማይበቅልበት፣ ዛፍ በማይታይበት ደጋ ነበር። አባትየው ማሽላ ሊያጭድ ቆላ ከወረደ ሁለት ወር ሆኖታል፤ እስከ ጥምቀት አይመለስም። ቤቱ ውስጥ እናትና ልጅ ብቻ ናቸው።

እማዋይሽ ይህን ስትሰማ ደንግጣ እጇን የልጅቱ አፍ ላይ ጫነች። በዚያ አገር፣ በታኅሣሥ ወር፣ ስሙን በስሙ የሚጠራ ሰው የለም። ነጩ እንግዳ ነው የሚሉት።

«ሁለተኛ እንዳትጠሪው። የሰጡትን ይበላል። ካልሰጡት ደግሞ...» ብላ ጀመረች። ስንዱን ሳል አጣደፋት። እናትየውም ነገሩን ሳትጨርሰው ወደ ሥራዋ ሄደች። ካልሰጡት ልጅ ይበላል ይባላል። ሳል የያዘውን ልጅ መብላት ደግሞ ይቀናዋል ይባላል።

አያቶች በነበሩ ጊዜ ነገሩ ቀላል ነበር። ብርድ ሲበረታ አንዲት ሴት እፍኝ የገብስ ቆሎ ይዛ ትወጣለች፣ ካቡ ላይ ትበትናለች፣ «እለፈን» ትላለች፣ ትገባለች። አለቀ። ቆሎውን ወፍ ይለቅመዋል። ቄሱ ይህንንም ቢሆን አይወዱትም፤ ሴቶቹ ግን ቄሱ ዘወር ሲሉ ይበትናሉ።

ኋላ ጭላዳ ነጋዴ ሆነ። ጭላዳን ታውቁታላችሁ፤ ያ ገደል ውስጥ የሚያድረው፣ ጎፈሩን እንደ ካባ የደረበው፣ ደረቱ ላይ ቀይ ጨሌ ያሰረ የሚመስለው ዝንጀሮ። ቅርጫት አዝሎ ከቤት ቤት መዞር ጀመረ። ነጋድራስ አሉት። አንድ ዓመት፣ እንግዳው ቆሎ ሰልችቶታል፣ ጨሌ ይወዳል አለ። ገዙት። በዓመቱ፣ እንግዳው ማረፊያ ዳስ ያስፈልገዋል፣ ጠላም ይጠመቅለት አለ። ጠመቁ። በሌላው ዓመት ቅቤ ጨመረ፤ ከዚያ ገብስማ ዶሮ ጨመረ። ያ እፍኝ ቆሎ እንዲህ እንዲህ እያለ የሳምንት ድግስ ሆነ። ድግሱን የሚያዝዘው ጭላዳ፤ የድግሱን ዕቃ ይዞ የሚመጣውም ጭላዳ።

ያን ዓመት ታኅሣሥ ሲገባ የተራራው አናት ነጣ። «መጣ» አሉ ሴቶቹ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ጎረቤቷ አስካለ ወደ እማዋይሽ ቤት መጣች። አስካለ ባለፈው ታኅሣሥ የስድስት ወር ሕፃኗን የቀበረች ሴት ናት። ልጁ የሞተበትን ምክንያት ጭላዳ ነግሯታል፤ ያረደችው ዶሮ ገብስማ ሳይሆን ቀይ ስለነበር እንግዳው ተቀይሟል። አስካለም አመነች። የምትጠላው ቀይ ዶሮ ባይኖራት ኖሮ ያንን ዓመት በምን ታልፈው ነበር? በዚህ ዓመት ልጅ እንኳ ሳይኖራት ሁለት ገብስማ ገዝታለች።

ልጅቱ ስትስል ሰምታ አስካለ ፊቷ ተለወጠ። እማዋይሽ በበኩሏ የነቢያት ጾም ላይ መሆናቸውን አነሳች፤ በጾም ዶሮና ቅቤ ቤቷ እንዲገባ ልቧ አልፈቀደም። አስካለ ግን ጭላዳ ለዚህም መልስ እንዳለው ነገረቻት፤ የሚበላው እንግዳው እንጂ እነሱ አይደሉም። ደግሞም አንድ ቤት ግብር ከጎደለበት እንግዳው በዚያ ቤት በኩል ወደ መንደሩ ሁሉ ይገባል። ተነሥታ ስትወጣ እንዲህ አለቻት፦

«እታለም፣ እኔን አይተሽ ተማሪ። ሳል የያዛት ልጅ ይዘሽ ተሟልቶ ያልቀረበ ግብር እንዳታቀርቢ።»

ከዚህ በኋላ እማዋይሽ ምን ትላለች?

ሥራ ጀመረች። ብቅል አሰጣች፣ ጌሾ ወቀጠች፣ ጋን አጠበች፣ ግድግዳ ለቀለቀች። የግማሽ ቀን መንገድ ሄዳ የአስታ እንጨት በጀርባዋ አመጣች፣ ከቤቱ ጓሮ ለእንግዳው ዳስ ሠራች፣ ጣሪያውን በጓሳ ሣር ከደነች። የራሷ ቤት ጣሪያ ከክረምት ጀምሮ በአንድ ጎኑ ሳስቷል፤ እሱ ቆይቶ ይደርሳል አለች።

ስንዱ ከኋላ ከኋላዋ ትከተላለች።

«እማ፣ በረደኝ።»

«ቆይ ልጄ። ያንቺን ሥራ እኮ ነው የምሠራው።»

ዳሱ ባለቀ በመጀመሪያው ቀን ጭላዳ መጣ። ካቡ ላይ ተቀመጠ፣ ቅርጫቱን አወረደ፣ ስለ ጤናዋ ጠየቀ፣ ቆላ ስለወረደው ባሏ ጠየቀ፣ ዳሱን አደነቀ። ከዚያ ሦስት ዙር ቀይ ጨሌ አወጣ። ይህ የልጅቱ አንገት ላይ ከሌለ እንግዳው የማን ልጅ እንደሆነች በምን ያውቃል አላት። በምትኩ የጠየቀው የኩበቱን ክምር ነበር።

ክምሩ የበጋውን ሁሉ ሰብስባ ጠፍጥፋ ያደረቀችው ነው። እሰጣለሁ ብላ እጇን ስትዘረጋ ኩበቱ አናገራት።

«እማዋይሽ፣ እኔን ሰጥተሽ ማንን ልታነጂ ነው?»

«ዝም በል። ለስንዱ ብዬ ነው» አለችው።

የጭላዳ ልጆች ተሰልፈው መጡ፤ ክምሩን እየተቀባበሉ ወደ ገደሉ አወረዱት። ለምድጃው የቀረው ሁለት ቀን ቢያደርስ ነው። በዚያ ምሽት ንጣቱ ከተራራው አናት ወርዶ የገብሱ ማሳ ላይ ደረሰ።

በሁለተኛው ቀን ጭላዳ አንድ ቅል ቅቤ ይዞ መጣ። እንግዳው ከሩቅ የሚመጣ ነው፣ እግሩ የተሰነጣጠቀ ነው፣ ቅቤ ካልቀረበለት ይቆጣል አላት። በምትኩ ባናውን ጠየቀ። ባናው ከሰባት በግ ጠጉር የተሠራ፣ እናትና ልጅ አብረው የሚለብሱት፣ የቤቱ አንድ ልብስ ነው። እማዋይሽ አጣጥፋ ይዛው ስትወጣ ባናው ከክንዷ ላይ አናገራት።

«ከተወለደች ጀምሮ አቅፌአታለሁ። ቅቤ አያቅፍም፣ እማዋይሽ።»

«ዝም በል። ለስንዱ ብዬ ነው» አለችው፤ ይህን ስትል ግን እንባዋ መጣ።

ጭላዳ ባናውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ እያፏጨ ወረደ። ስንዱ እናቷን ቀሚሷን ይዛ፣ «እማ፣ በረደኝ» አለቻት። እናትየው ጠላውን እየጠመቀች ነበርና ቆይ አለቻት። በማግስቱ ጠዋት ሲወጡ የካቡ ድንጋዮች ነጥተዋል። እንግዳው የግቢው አጥር ላይ ተቀምጦ አድሯል።

በሦስተኛው ቀን ጭላዳ ገብስማ ዶሮ ይዞ መጣ። ላባዋ እንደተቆላ ገብስ ዝንጉርጉር፣ ዓይኗ ንቁ። እማዋይሽ ዶሮዋን አየች፣ ከዚያ ምን ልሰጥህ ብላ ቤቱን ዞራ አየች። ባዶ ነው። ጭላዳ ግን ጨርሶ አልተቸገረም።

«እመት እማዋይሽ፣ ሳንቃውን ስጭኝ» አላት።

በሩን ማለቱ ነው። እማዋይሽ የሚቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። እሱ አልሳቀም።

«እንግዳ ጠርቶ በር መዝጋት ስድብ ነው። ዛሬ ፀሐይ ስትጠልቅ ይመጣል። ተዘግቶ ካገኘው...» አለና ወደ አስካለ ቤት በአገጩ አመለከተ።

እማዋይሽ ሳንቃውን ከማጠፊያው ስታነሳ ሳንቃው እየተንሰቀሰቀ አናገራት።

«እኔ ሌላ ሥራ አላውቅም። እምቢ ማለት ብቻ ነው የማውቀው። እኔ ከሄድሁ እምቢ የሚልልሽ የለም።»

«ዝም በል። ለስንዱ ብዬ ነው።»

ጭላዳም ሳንቃውን ተሸክሞ ሄደ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሁሉም ነገር ዝግጁ ነበር። ጠላው በዳሱ፣ ቅቤው በዳሱ፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ። እማዋይሽ ዶሮዋን በግራ እጇ፣ ቢላውን በቀኝ እጇ ይዛ የዳሱ በር ላይ ቆመች። ከማረዷ በፊት እንደ ልማዷ ልታማትብ ቢላውን አስቀመጠች። እጇ ግንባሯ ላይ ደረሰና እዚያው ቆመ። በማን ስም ለማን እንደምታርድ ማለት አቃታት። ያኔ ነው መጀመሪያ የፈራችው፤ እንግዳውን ሳይሆን የራሷን ሥራ ነው የፈራችው።

እዚያው እንደቆመች ሰማችው።

ሣሩ ነው። ከማሳው ወዲህ፣ ቅርጭ፣ ቅርጭ፣ ቅርጭ ይላል፤ አንድ ሰው በባዶ እግሩ ቀስ ብሎ የሚራመድ ይመስላል። ሰው ግን የለም። በሚራመድበት ሁሉ ሣሩ ይነጣል። ካቡን ተሻገረ። ጓሮው ገባ። እማዋይሽ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

በዳሱ በኩል አለፈ። ዘወር ብሎ እንኳ አላየውም። የጠላው ጋን ጧ ብሎ ተሰነጠቀ፣ ቅቤው እንደ ድንጋይ ደረቀ፤ እሱ አልቆመም። ወደ ቤቱ አመራ፣ በር ወደሌለው ቤት።

እማዋይሽ ዶሮዋን እንዳቀፈች ሮጣ ቀደመችው።

«ጌታዬ፣ ተሳስተው ነው። ግብርዎ እዚያ ነው። ጨሌውም የልጅቱ አንገት ላይ ነው። ዶሮዋም ገብስማ ናት» አለች።

«ግብር ምንድን ነው?» አላት። ድምፁ ነፋስ በገለባ ውስጥ ሲያልፍ እንደሚሰማው ነው። ቁጣ የለበትም።

«የሚበሉት ነዋ።»

«አፍ የለኝም። ሆድም የለኝም። በልቼ አላውቅም።»

«ታዲያ አምና የአስካለን ልጅ...»

«ቤቱ ክፍት ነበር፤ ገባሁ። ሕፃኑ የለበሰው ነገር አልነበረም።»

«ባናቸው የት ሄዶ?»

«እኔ አላውቅም። ገደሉ ውስጥ ያሉት ጭላዶች ግን ብዙ ባና አላቸው። እሳትም አላቸው። ዋሻቸው ሳንቃ በሳንቃ ነው። እዚያ ገብቼ አላውቅም።»

እማዋይሽ ተቆጥቶ ቢሆን ትለምነው ነበር፤ ተርቦ ቢሆን ታበላው ነበር። የማይቆጣውንና የማይርበውን ምን ብሎ መለመን ይቻላል? በአጠገቧ አልፎ ደፉን ተራመደ። የቤቱ ጉዝጓዝ ከደፉ ጀምሮ እየነጣ፣ እየነጣ፣ ወደ መደቡ ሄደ። መደቡ ላይ ስንዱ ተኮማትራ ተኝታለች። ከንፈሯ ጠቁሯል።

«ስንዱ!»

ስንዱ አልመለሰችም። እማዋይሽ አሰበች፤ ልጅቱ በረደኝ ማለት የተወችው መቼ ነው? ጠዋት ብላለች። ቀትር ላይ ብላለች? አታውቅም። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ልጅቱ ስትሮጥ ልጅቱን አላየቻትም።

ይኸኔ ዶሮዋ ከክንዷ ሥር ተናገረች።

«እመቤቴ፣ ሌላው ይቆይ። እኔ ሆዴ ይሞቃል። ከልጅቱ ደረት ላይ አድርጊኝ።»

እማዋይሽ እንደተባለችው አደረገች። ዶሮዋ ላባዋን ነፋች፣ ክንፏን ዘርግታ ልጅቱን እንደ ጫጩት ታቀፈቻት። የሚመጣው ንጣት የመደቡ ጫፍ ላይ ደርሶ ቆም አለ። አልተመለሰም፤ ቆም ብቻ ነው ያለው።

ሦስቱ ጉልቻዎች ከቀዘቀዘው ምድጃ ተንሾካሾኩ። «እንጨት» አለ አንዱ። «እንጨት» አለ ሁለተኛው። ሦስተኛው፣ «የት እንዳለ ታውቂያለሽ» አላት።

ታውቃለች። ከግማሽ ቀን መንገድ በጀርባዋ ያመጣችው እንጨት ጓሮ ቆሟል፤ የእንግዳው ዳስ ነው። በዚያ መንደር ዳስ ያፈረሰ ሰው ታይቶ አያውቅም። መንደሩ ምን ይላል? አስካለ ምን ትላለች? ደግሞስ ጭላዳ ያላት ሁሉ እውነት ቢሆን? ግንባሯን ነካች፣ ደረቷን ነካች፣ ግራ ቀኝ ትከሻዋን ነካች፤ በዚህ ጊዜ የሚባለውን እስከ መጨረሻው አለችው። ከዚያ የዳሱን ምሰሶ በሁለት እጇ ይዛ ነቀነቀችው።

ወደቀ። ሰማይ አልተደረመሰም።

አስታ ቅባት ያለው እንጨት ነው፤ ከአመዱ ሥር በቀረችው አንዲት ፍም ቦግ አለ። ረዣዥሞቹን እንጨቶች በሩ ላይ አጋደመች፣ በመካከላቸው የጓሳውን ሣር ጠቅጥቃ አሰረች። የተጎዘጎዘውን ቄጠማ ከቀዳዳው ወተፈች። የደረቀውን ቅቤ እሳት ዳር አቅልጣ የልጅቱን ውስጥ እግርና ደረት አሸች። ጨሌው ግን ለምንም አልሆነም።

ጉዝጓዙ ላይ ያለው ንጣት ወደ ኋላ እየሳሳ ጠፋ። ከሣሩ በር ውጭ አንድ ነገር መጥቶ ሲቆም ተሰማት። ሣሩን ዳሰስ ዳሰስ አደረገ።

«ይህ ዝግ ነው» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። ከዚያ ቅርጭ፣ ቅርጭ፣ ቅርጭ እያለ ራቀ። የሄደው ወደ አስካለ ቤት ነበር።

እሳቱ ሁለት ጊዜ እንጨት ከበላ በኋላ ስንዱ ተንቀሳቀሰች።

«እማ፣ በረደኝ።»

እማዋይሽ ይህችን ቃል ስትሰማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ቆይ አላለቻትም። ልጅቱን ከነዶሮዋ ጉያዋ ውስጥ አስገብታ እስኪነጋ አልለቀቀቻትም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ የተረቱ ቁም ነገር ይኸው ነው። ስለ ልጅሽ እያስፈራራ ልጅሽን ማየት እስክትረሺ የሚያሠራሽ በዓል ሲመጣ፣ ከማን ቅርጫት እንደወጣ ጠይቂ። እግዚአብሔር ይህን ሁሉ አልጠየቀም። ውርጭም አልጠየቀም። የጠየቀው የሚሸጠው ነው፤ እሱም በዋጋው የሚወስደው የምትከለዪበትን ነው። ግን ማታ ያወቁትን ጠዋት ካልሠሩበት ምን ይረባል? እማዋይሽ በማግስቱ ጠዋት ያደረገችውን ስሙ።

ስንዱ ሞቋት እንደተኛች፣ ዶሮዋን አጠገቧ ትታ፣ ፍም በገል ይዛ፣ የተረፈውን እንጨት አዝላ ወደ አስካለ ቤት ሄደች። አስካለን በር በሌለው ቤቷ ውስጥ ጥግ ይዛ እየተንቀጠቀጠች አገኘቻት። በሕይወት አለች። በጓሮዋ ዳሱ እንደተሞሸረ ቆሟል። እማዋይሽ ሳትናገር እሳት አነደደችላት፣ እጆቿን ይዛ እሳቱ ላይ ዘረጋቻቸው።

አስካለ ከንፈሯ ሲላቀቅ የሚነደውን የአስታ እንጨት አይታ፣ ዳሱን ያፈረስሽው አንቺ ነሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። አዎ አለቻት እማዋይሽ።

«ታዲያ የኔ ልጅ...» አለች አስካለ እሳቱን እያየች።

እማዋይሽ አምና ለጭላዳ ስለተሰጠው ባና ልትነግራት ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። አስካለን አየቻት። ዋጠችው።

«ዶሮው አይደለም፣ እታለም። ቀዩ ዶሮ ምንም አላጠፋም። ብርድ ነው የገደለው» አለቻት።

አስካለ አንገቷን ደፋች። ያን ጊዜ ጭላዳ ቅርጫቱን አዝሎ መጥቶ ካቡ ላይ ተቀመጠ፤ ዳስ ያፈረሰ ሰው የሚከፍለው ካሳ እንዳለ፣ ካሳውም በቅርጫቱ ውስጥ እንደሚገኝ መናገር ጀመረ።

«ነጋድራስ፣ መጀመሪያ ሳንቃችንን ይዘህ ና» አለችው እማዋይሽ።

ይህን ብላ ጀርባዋን ሰጠችው፤ ወደ አስካለ ጓሮ ሄደች፣ የዳሱን ምሰሶ ነቀለች፣ የቤቱን በር እንዲዘጉበትም የእንጨቱን አንድ ጫፍ ተከትላት ለወጣችው ለአስካለ አስያዘቻት።